ንፋሳችንን መልስ

የገብስ እብቅ ጠላቱ አንገት ነው። ከኮሌታ ሥር ገብቶ አንዴ ከተቀመጠ ገላችሁን እስክትታጠቡ አይለቃችሁም። ባለፈው ታኅሣሥ ከሰቆጣ ወደ አያቶቼ መንደር ሄጄ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ንፋሱ ከማን አውድማ እንደሆነ የማላውቀውን አንድ እፍኝ እብቅ አምጥቶ ፊቴ ላይ በተነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እኔ ግን እንደ ሞኝ ቆሜ አሸተትኩት። ፀሐይ የመታው ጭድ ይሸታል፣ የበሬ ትንፋሽ ይሸታል፣ አቧራ ይሸታል። ባለባጃጁ «እህቴ፣ ዓይንሽ ውስጥ ገባ እንዴ?» ቢለኝ «አዎ፣ ገባ» አልኩት። መንገደኛ አስቁሜ ስለ አጎቴ ስለ ደሱና ስለዚያ ዓመት ንፋስ ላወራለት ነው? እሱ ሥራ አለው።

ያ ዓመት እናቴ መንታ የወለደችበት ነው። መንታ ሲመጣ ትልቅ ልጅ ትርፍ ይሆናል፤ እኔም ትርፍ ሆንኩና ሦስተኛ ክፍልን እዚያው እንድማር ወደ አያቶቼ ተላክሁ። አኩርፌ ነው የሄድኩት። ሰቆጣ ቤታችን መብራት የሚወጣው ከግድግዳ ነበር፤ ሲመሽ ጠቅ ማድረግ ነው። አያቶቼ ቤት ገብቼ የድንጋዩን ግድግዳ ዙሪያውን በእጄ ብዳብስ ጠቅ የሚል ነገር የለም።

«ምን ጠፋብሽ፣ ስንዱዬ?» አለችኝ እምዬ።

«መብራቱ።»

«እሱማ እኛም ስንፈልገው ነው የኖርን» ብላ ሳቀችብኝ።

እምዬ የእናቴ እናት ናት፤ አፏ ሥራ አይፈታም። አያቴን ደግሞ አባዬ እንላቸዋለን፤ እሳቸው ከበሬዎቻቸው ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። እኔ እንድሰማው የማይፈልጉት ነገር ሲኖር ሁለቱም ወደ ኽምጣኛ ይገቡና በሩን ይዘጉብኛል። እኔ የከተማ ልጅ ኽምጣኛ አልችልም፤ የእምዬን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። «ደሱ» የሚል ስም በመጣ ቁጥር ድምፅዋ ስብር ይል ነበር።

ደሱ የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ዓረብ አገር ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እንዴት እንደሄደ ሲጠየቅ «በእግር፣ ከዚያ በጀልባ» ይልና ወሬ ይቀይራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እኔ በመጣሁ በጥቂት ቀን፣ ሰማያዊ ሻንጣ ተሸክሞ ጎብጦ ገባ። እምዬ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሻንጣው ተከፈተ፤ ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ከላይ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፤ ከሥር በሚያምር ሻሽ የተጠቀለለ ከባድ ነገር። እምዬ ሻሹን ስትፈታው ሙቀጫ የሚያህል ብረት ዱብ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞተር ነው፣ እምዬ። ሰው እቤቱ ውስጥ ሆኖ የሚሮጥበት ማሽን አለ፤ ይሮጣል ግን ካለበት አይሄድም። የሱ ሞተር ነው። ማሽኑ ተሰብሮ ሊጣል ሲል ለምኜ ወሰድኩት።»

«እቤቱ ውስጥ ይሮጣል? ማን አባሮት?»

«ማንም። እንዳይወፍር ነው።»

«ምነው፣ ዳገት የላቸውም እንዴ?» አለች እምዬ።

የማሳ ጎረቤታችን አያ በላይ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ። አያ በላይ ነገር የማያልፋቸው ሽማግሌ ናቸው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ዓረብ አገር ኖሮ ብረት ተሸክሞ መጣ» እያሉ ወጡ። ደሱ «ሻሹ ያንቺ ነው» ብሎ ለእምዬ ራሱ አሰረላት። አሰራር አልቻለበትም፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንደተንጋደደ አደረገችው።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባዬ ሞተሩን አንስተው መዘን መዘን አደረጉት። «ምን ልትሠራበት ነው?»

«በንፋስ አዞረዋለሁ። ሲዞር መብራት ይሰጣል።»

«ካልሰጠስ?»

«ካልሰጠማ ጥምቀትን ውዬ ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ።»

ልጆቹ የተባሉት እንደገና ለመሄድ የተማከሩ የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው። እምዬ በእጇ የያዘችውን ጣሳ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ለእኔም ነገሩ ያን ቀን ገባኝ፤ ብረቱ ከዞረ ደሱ ይቀራል፣ ካልዞረ ይሄዳል።

የሚሄድበትንም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ሆነው ወደ አበርገሌ ሲያዩ፣ ቆላው ጠዋት ጠዋት በነጭ ጭጋግ ይሞላል። ባሕር ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ሲጠፋ «እሰይ፣ ባሕሩ ደረቀ! ዛሬ ጀልባ የለም» ብዬ ተደስቼ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ሰማያዊው ሻንጣ ሁለቱን ሸሚዝ እንደያዘ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ደሱ «እዚያው ይቆይ፣ ምን ይታወቃል» አለ። ከዚያ በኋላ እምዬን የልብስ አጠባ አባዜ ያዛት። መንገድ የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ሸሚዞቹን አውጥታ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፋቸዋለች። ንጹሕ ናቸው፣ ማንም አልለበሳቸውም፣ ግድ የላትም። እኔ «አያቴ ንጽሕና ትወዳለች» ብዬ ለመምህሬ ጭምር ነግሬያለሁ። ልብሱ ርጥብ የሆነ ሰው መንገድ እንደማይጀምር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሥራው ተጀመረ። ደሱ ከሰቆጣ ወፍራም የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ አመጣና በከሰል አስምሮ ቁመቱን በመጋዝ ሰነጠቀው። ለካ ቱቦ ሲሰነጠቅ ክንፍ ነው! ሦስት ክንፍ ወጣው። ጠርዛቸውን ሞርዶ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይከብድ በክር እያንጠለጠለ አመዛዘናቸው። ከአሮጌ ቆርቆሮ ጭራ ቆረጠለት፤ ጭራው ክንፎቹን ሁልጊዜ ወደ ንፋሱ ፊት ያዞራቸዋል አለኝ። አባዬ አንድ ቀን ከሁሉ የረዘመውን ባሕር ዛፋቸውን ቆርጠው ደጅ ላይ ጣሉት። «ለጎተራው ብዬ ነበር፣ ከፈለግከው ውሰደው» አሉ። ጎተራው ምንም አልጎደለውም። ውሸት ሲዋሹ ያኔ ነው ያየኋቸው።

እንጨቱ ከአውድማችን በላይ ጉብታው ላይ ቆመ። እንዳይወድቅ ዙሪያውን በሽቦ ተወጠረ፤ እምዬም ሽቦውን ወዲያው የልብስ ማስጫ አደረገችው። ባትሪው የጭነት መኪና አሮጌ ባትሪ ነው፣ በአህያ ተጭኖ መጣ። በሞተሩና በባትሪው መሐል ደሱ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ሽቦው ላይ አሰረ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«በር ናት። ወደ ባትሪው የሚሄደውን ታሳልፋለች፤ ልመለስ ሲል ትዘጋበታለች። እሷ ባትኖር ባትሪው መልሶ ክንፉን ያዞረዋል።»

እንግዲህ እኔ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ንፋሱ ራሱ መሰለኝ። ለምን አይመስለኝ? የሚገባው ንፋስ፣ በሩ የንፋስ በር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪው አጠገብ ስቀመጥ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጠው ነበር። ደሱ «ተነሺ፣ አሲድ አለው!» እያለ ያባርረኛል።

ንፋሱ ሲመጣ መጀመሪያ ጭራው ተወዛወዘ። ክንፎቹ ትንሽ ሄደው ቆሙ፣ ደግሞ ሄዱ፣ ከዚያ ዓይን እስኪያደናግር ዞሩ። ደሱ ዘለለ። እምዬ እልል አለች። ዶሮዎቿ ደግሞ ጉድ ፈላ፤ የክንፉ ጥላ ግቢው ውስጥ መሬት ለመሬት ሲሮጥ ጭልፊት መሰላቸውና ጎተራው ሥር ተወሽቀው አንወጣም አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ በነፈሰ ቁጥር ይደበቃሉ፣ ሲቆም ይወጣሉ። በድንጋጤ መጣልም ተዉ። «መብራት አገኘሁና እንቁላል አጣሁ!» ትል ነበር እምዬ።

የመጀመሪያው አምፖል በበራበት ምሽት አባዬ ከመደቡ ላይ ሆነው ቀና አሉ። መብራቱን አላዩም፤ ጣራውን ነው ያዩት። «ጣራችን እንዲህ ጠቁሯል እንዴ?» አሉ ገርሟቸው። እምዬ አፍራ መጥረጊያ ፈለገች። ሁላችንም እስክንተኛ ድረስ የገዛ ቤታችንን እንደ እንግዳ ስናየው አመሸን። ጥግ ላይ የተረሳ ቅል ተገኘ፤ የጠፋው የአባዬ ወስፌም ተገኘ። በቃ፣ ደስ ብሎን ነበር።

ስልክ የሚሞላ ሰውም መምጣት ጀመረ። ከዚያ በፊት ስልካቸውን ለገበያ ሰው አስይዘው ሰቆጣ ድረስ ይልኩት ነበር። አሁን ገበያ የሚወርድ ሁሉ በኛ በኩል ሆነ። ያለው እንቁላል ይዞ ይመጣል፣ የሌለው መርቆ ይሄዳል፤ እምዬ ከዶሮዎቿ ያጣችውን እንቁላል ከስልክ አገኘችው። ደሱ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብለት አፉ አያርፍም። «ይሄ የመስከረም ንፋስ ነው!» ይላል ባትሪውን መታ መታ እያደረገ። «አጠራቅሜ ይዤላችኋለሁ፤ ኑ፣ በቁና እሰፍርላችኋለሁ!» ሰዉ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ እኔ አምኜዋለሁ። እናቴ ከሰቆጣ ስትደውል ስልኩ ውስጥ «ሹሹ» የሚል ነገር ስሰማ «እማ፣ ንፋሱ ነው፣ ደሱ የሞላው ነው» እላታለሁ። እሷም መንታዎቹ እያለቀሱባት ነውና «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ታልፈኛለች።

እንዲህ እያልን ገብሱ ደረሰ። ታጨደ፣ ተከመረ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደረቀ፣ በሬዎቹም እየዞሩ አበራዩ። አባዬ አውድማ ላይ ሌላ ሰው ናቸው፤ እዚያ ይናገራሉ፣ ሕግም አላቸው። አውድማ ላይ ምርት አይቆጠርም። አውድማ ላይ «አለቀ» አይባልም፤ የሚያልቅ ነገር ሁሉ «በረከተ» ነው የሚባለው፣ የገንቦ ውኃ እንኳ ቢሆን። አውድማ ድረስ የመጣ ሰው ደግሞ፣ ቄስ ይሁን፣ ማረሻ የሳለ ቀጥቃጭ ይሁን፣ ለማኝም ይሁን፣ ባዶ እጁን አይመለስም። እኔ መሐለኛውን ሕግ እየረሳሁ ስንቴ ተቆጥተውኛል።

የቀረው ንፋስ ብቻ ነው። የተበራየውን በላይዳ፣ ማለት በዚያ ሰፊ የእንጨት አካፋ፣ ወደ ላይ ሲበትኑት ንፋሱ እብቁን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ንፋስ ከሌለ ግን እብቁም ፍሬውም ተያይዞ ራስ ላይ ነው። ያ ታኅሣሥ ንፋሱ ቆመ። ዝም አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይነቃነቅም፣ የእምዬ ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳሉ። በዚያ ላይ ሰማዩ በስተ ምሥራቅ መጥቆር ጀመረ። ዝናብ ከመጣ በየአውድማው የተቆለለው የዓመት ልፋት መበስበሱ ነው። ሰዉ ላይዳውን ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ። ሰማይ ማየት ሲሰለቸው ወደ ጉብታው አየ፤ እዚያ የደሱ ክንፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ጠጥቶ ጨረሰው!» አሉ አያ በላይ። «መስከረም ሙሉ፣ ጥቅምት ሙሉ ቀን ከሌት ሲጠጣ ከርሞ፣ ይኸው እሱ ጠግቦ ተኛ፣ እኛ ጦማችንን ልናድር ነው።»

ነገሩ መንደሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ትምህርት ቤት ልጆቹ «የንፋስ በላ ዘመድ» አሉኝ፤ አንዷን ጸጉሯን ይዤ ጎተትኳት፣ እሷም የኔን። ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀረ። ደሱ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥቶ ክንፉ ሥር ይቀመጣል፣ ማታ ይወርዳል። እምዬ ሸሚዞቹን በላይ በላዩ ማጠብ ጀመረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሽማግሌ ቀረበ። አያ በላይ ተነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከጥምቀት በኋላ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ድግሱ ያለው እዚያ አውድማ ላይ በተከመረው ገብስ ውስጥ ነው።

«ደሱ ልጄ ነው፣ ክፉ አልመኝለትም» አሉ። «ግን ንፋሳችንን ይመልስ።»

«አያ በላይ፣ ንፋስ እኮ ያልፋል እንጂ አይጠራቀምም» አለ ደሱ።

«አጠራቅሜያለሁ፣ በቁና እሰፍርላችኋለሁ ያልከው አንተ አይደለህ?»

ሰዉ «ብሏል! ብሏል!» አለ። እኔም ከሴቶቹ መሐል ሆኜ «ብሏል!» አልኩ፤ እውነት ነዋ። እምዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ቄሱ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ «እንግዲህ ልጄ፣ ያጠራቀምከውን ነገ አውድማ ላይ ልቀቅላቸው። ካልሆነም እንጨቱ ይነቀልና ሰላም ይውረድ» ብለው ፈረዱ። አባዬ የሽማግሌ ቃል ነውና አንገታቸውን ደፉ።

ቤት ደረስን። ደሱ ገብቶ ሻንጣውን ከምሰሶው አወረደው። «እንጨቱን ራሴ እነቅለዋለሁ» አለ። «ከእንግዲህ ጥምቀትንም አልጠብቅም። ልጆቹ ሲነሱ እነሳለሁ።» እምዬ ሸሚዞቹን ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ «ደርቀዋል፣ ተያቸው» አላት። ያኔ እምዬ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጮሃለሁ።

«በሯን ለምን አትከፍትላቸውም!» ብዬ ጮህኩበት።

«የምኗን በር?»

«ባቄላዋን! ንፋሱ እንዳይመለስ የዘጋችውን! ክፈትላቸዋ፣ ይውጣላቸው፣ አንተም አትሂድ!»

ደሱ ያበድኩ መስሎት አየኝ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ሻንጣው ከእጁ ወደቀ፤ ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «አባዬ፣ ሰምተዋታል? በሯን ክፈት ነው የምትለኝ!»

«ብትከፈት ምን ይሆናል?» አሉ አባዬ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ባትሪው ክንፉን ያዞረዋል። ይነፍሳል። ዝንብ ታባርር እንደሁ እንጂ ገብስ አትለይም።»

አባዬ «እንግዲያው እሷኑ አሳያቸው» አሉ። «ሰው ያላየውን አያምንም።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ ደሱ ማሽኑን ከጉብታው አውርዶ ከአያ በላይ አውድማ ዳር፣ በድንጋይ መሐል ባቆመው አጭር እንጨት ላይ ሰቀለው። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። ንፋስ የሚባል ነገር የለም፤ አቧራው እንኳ በተነሳበት ይወርዳል። ደሱ ባቄላዋን ፈትቶ «ያዣት፣ እንዳትጥያት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ጥብቅ አድርጌ ጨበጥኳት። ሽቦዎቹን አገናኘ።

ክንፉ ንቅንቅ አለ፣ ዞረ። በዚያ በሞተ አየር ውስጥ ብቻውን ዞረ! ሴቶቹ «በስመ አብ!» አሉ። አያ በላይ አማተቡና «ወጣ! ወጣ! ቶሎ በሉ!» ብለው ላይዳቸውን ሞልተው ወደ ላይ በተኑት። እብቁም ፍሬውም ተቃቅፈው ራሳቸው ላይ ወረዱ።

«ደሱ፣ አትሰስት እንጂ! በደንብ ልቀቀው!»

«ይኸው ነው፣ አያ በላይ። ወለል ብሎ ተከፍቷል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«መስከረምም?»

«መስከረምም፣ ጥቅምትም፣ ከነኅዳሩ።»

አያ በላይ እብቃቸውን ሳያራግፉ ፊታቸውን ወደ ክንፉ አስጠግተው ቆሙ። ንፋሱ ጢማቸውን በቅጡ አያነቃንቅም። ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተዬ» አሉ፣ «ይቺን ለበላ ነው አገር ያስነሳነው? እኔ ትኩስ ገንፎ ሳበርድ ከዚህ የበለጠ እተነፍሳለሁ!»

አውድማው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ክንፉ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ ሄዶ ቆመ።

«አለቀ!» አልኩ እኔ።

«አውድማ ላይ ምን ይባላል?» አሉ አባዬ ከኋላዬ።

«በ... በረከተ።»

«እንዲያ በይ።»

የአያ በላይ ሚስት ጠላና ቆሎ አወጡ፤ ሰዉ በየጥላው ተቀመጠ። ስለ ፍርዱ ያነሳ የለም። ደሱ ሽቦዎቹን ከባትሪው ፈትቶ ጫፋቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ባቄላዋም እጄ ውስጥ ናት። እኔ ቆሎ በአንድ እጄ ለመብላት እየታገልኩ ነው። ክንፉ ንቅንቅ አለ።

«ተው ደሱ፣ በቃ፣ አምነናል አልን» አሉ አያ በላይ ጣሳቸውን እየጠጡ።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ደሱ፤ ሁለት እጁን አነሳ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ አየ። ሽቦዎቹ ጭኔ ላይ ናቸው፣ ከምንም አልታሰሩም። የቆርቆሮው ጭራ ተወዛወዘና ዞረ። አንገቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማኝ።

«ንፋስ!» ብለው አያ በላይ ጣሳቸውን ጥለው ተነሱ። «ተነሱ! ተነሱ እንጂ፣ ምን ታዩኛላችሁ!»

ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸትና እብቅ ነው። ላይዳ ይነሳል፣ ገብሱ ይዘንባል፣ እብቁ ወደ ገደሉ ይሄዳል። የሄደው ሁሉ አልሄደም፤ ግማሹ አንገቴ ውስጥ ገባ። እያከክሁ፣ እየሳቅሁ፣ ሴቶቹ ሲጠርጉ እየጠረግሁ ዋልኩ። ማሽኑ ከአውድማው ዳር ባዶውን ይዞር ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአያ በላይ ገብስ ንጹሕ ሆኖ ተቆለለ፤ ንፋሱ ደግሞ ወደኛና ወደ ሌላው አውድማ ሊተርፍ ገና አለ።

አያ በላይ ለቄሱ ሰጡ። ለቀጥቃጩ ሰጡ። ለሁለት መንገደኞች ሰጡ። ከዚያ ላይዳቸውን እንደያዙ ዞር ዞር ብለው «ደሱስ?» አሉ።

«ደሱ ደግሞ የምን ድርሻ አለው?» አለ አንድ ጎረምሳ እየሳቀ።

«አውድማዬ ድረስ መጥቷል» አሉ አያ በላይ። «ከነመሣሪያው መጥቷል። ለቀጥቃጩ በየዓመቱ እሰጥ የለ? ለሱም እንዲሁ ነው። ስንዱ፣ ሩጪ፣ ዕቃ አምጪ!»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «እምዬ፣ ዕቃ! ለደሱ ድርሻ ተሰጠው! በየዓመቱ አሉ!» ማዳበሪያው ሁሉ አውድማ ነው ያለው፣ ስልቻውም እዚያው ነው። እምዬ ዙሪያውን ብታይ ትናንት የወደቀው ሰማያዊ ሻንጣ ምሰሶው ሥር አለ። ጎንበስ ብላ ሸሚዞቹን አወጣች፣ አጠገቧ የነበረው ገበቴ ውኃ ውስጥ ጨመረቻቸው፣ ሻንጣውን ገልብጣ አራገፈችና ሰጠችኝ። «በይ ብረሪ» አለችኝ።

ደሱ ሻንጣውን በእጄ ሲያየው ቆመ። አያ በላይ ላይዳቸውን ሞልተው አንስተው ይጠብቃሉ። አባዬ ልጃቸውን እንጂ ሌላ ምንም አያዩም። ሳቁ ቆመ፤ ሻንጣውን የማያውቀው ሰው የለም። ደሱ መጥቶ ከእጄ ተቀበለኝ፣ በርከክ አለ፣ የሻንጣውንም አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘው።

ገብሱ ገባ። ደግሞ ገባ። እምዬ ከኋላዬ ተከትላኝ መጥታ ኖሮ የሳሙና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«በረከተ፣ አያ በላይ» አለ ደሱ። ድምፁ ልክ እንደ እምዬ ስብር አለ። «በረከተ።»

አባዬ ጎንበስ ብለው ዚፑን ሊዘጉት ሞከሩ። ሻንጣው ሞልቷል፤ ከአንዱ ወገን ሲስቡት ከሌላው ወገን ገብስ ይፈስሳል፣ ዚፑ እምቢ አለ።

«ይተዉት፣ አባዬ» አለ ደሱ። «አይዘጋ።»